ለሕዝብ የተቀመጠው ጥራዝ

ስርጉት ወረቀት ከመንካቷ በፊት እጇን ትታጠባለች፤ በሳሙና፣ እስከ ክርኗ። ከዚያ በፎጣ ጣት በጣት እየለየች ታደርቃለች። ጅቡቲ ውስጥ ይህ ቅንጦት አይደለም። ላብ የነካው ወረቀት ይኮማተራል፤ የተኮማተረውን ማሽኑ ይበላዋል፤ ማሽን ወረቀት ከበላ ደግሞ ግማሽ ቀን ሥራ ቆመ ማለት ነው። እጇ ሲደርቅ ቁልሉን አንስታ በአውራ ጣቷ እያራገበች ነፋስ ታስገባበታለች፤ የባሕሩ እርጥበት ቅጠሎቹን እንዳያጣብቃቸው። ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጋ በአራቱም ጎን ታስተካክላለች። የገጽ ቁጥሩን ብቻ እያየች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትገልጣለች። ቃሉን አታነብም፤ ቃል የሚያነብ ጠራዥ ገጽ ይዘላል። ቀጥሎ ጥቂት ጥቂቱን እየለየች ወደ መብሻው ታስገባና እጀታውን ወደ ታች ትጫነዋለች። ከላይ የሚያሳይ ፕላስቲክ፣ ከታች ወፍራም ካርቶን። የፕላስቲኩን ቀለበት ጥርሶች ከፍታ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ትሰካቸዋለች፣ ትዘጋለች። በመጨረሻ ጥራዙን ወደ ላይ አንስታ ጀርባውን በመዳፏ አንዴ ታብሰዋለች። ይህኛው ለሥራው አያስፈልግም፤ ልማድ ነው።

ያን ዕለት፣ በ2006 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ የምትጠርዘው የሙሴ ጀላሉዲንን ሥራ ነበር። ጀላሉዲን ድሬዳዋ ያደገ ጅቡቲያዊ ነው፤ በአንድ አነስተኛ አማካሪ ድርጅት ውስጥ ይሠራል፤ በአማርኛ ከስርጉት የተሻለ ይቀልዳል። ስርጉት ግን በፈረንሳይኛው ወግ «ሙሴ»፣ ማለትም «ጌታዬ»፣ ማለቱንም «እርስዎ» ማለቱንም አልተወችም። ቢሮ ያለው ሰው ነዋ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ከወደቡ የሚወጣው መንገድ ሊሰፋ ነው። ገንዘቡን የሚያበድረው ዓለም አቀፍ ተቋም ነው። መንገዱ ሲሰፋ አሮጌው የከባድ መኪና ማቆሚያ ይነሳል፤ ማቆሚያው ሲነሳ በዚያ ለሾፌሮች ምግብና ሻይ የሚሸጡት ሴቶች ይነሳሉ። ከከተማው ወጣ ብሎ በሚሠራው አዲስ ማቆሚያ ግን ለእያንዳንዳቸው ጣሪያ ያለው መሸጫ ቦታ ይሰጣቸዋል። ማን እንደሚነሳ፣ ማን ምን እንደሚያገኝ የሚዘረዝረው ዕቅድ ሳይጸድቅ ለሕዝብ ይፋ መሆን አለበት፤ የአበዳሪው ደንብ ነው። በኢንተርኔት ይወጣል፣ ማዘጋጃ ቤት ይቀመጣል፣ ደግሞም ጉዳዩ የሚነካቸው ሰዎች ሳይፈሩ በሚገቡበት ቦታ ይቀመጣል። ለአንድ ወር። የተዘለለ ሰው ስሙን የሚያስገባው፣ ቅር ያለው ሰው የሚናገረው በዚያ ወር ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ይዘጋል።

«ማዘጋጃ ቤት የሚገባ አበሻ አለ?» አለ ጀላሉዲን፣ ከጥራዞቹ አንዱን ወደ እሷ መልሶ እየገፋ። «ግማሹ የመኖሪያ ወረቀት የለውም። አንቺ ጋ ግን ሾፌሩም ሻይ ሻጯም ይመጣል። ይቺን እዚህ አስቀምጪልኝ። መጨረሻዋ ላይ በአማርኛ አሳጥረን ጽፈናል፤ የስም ዝርዝሩም እዚያው አለ። የጠየቀሽን ሁሉ ስጪው፤ ያንብባት።»

«በጥንቃቄ ነው የምይዛት፣ ሙሴ።»

«አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው አንቺን የመረጥኩሽ» ብሎ ሄደ። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ተለያዩ።

የጥንቃቄዋን ነገር ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ማለት ይጠይቃል። ስርጉት በ1990 ዓ.ም. በባቡር ከድሬዳዋ ወርዳ የገባችው አንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ቤት ነው፤ ተቀማጭ ሠራተኛ ሆና። ማዳም በመጀመሪያው ቀን ቤቱን እያዞረች ስታሳያት፣ ሳሎን ውስጥ መጻሕፍት የተደረደሩበት ባለ መስታወት ቁም ሣጥን ፊት ቆመች። ከውጭ ታጸጃለሽ፤ አትከፍቺም፤ ይኸው ነው። ስርጉት አንድ ቀን ከፈተች። የወፎች ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ነበር፤ ከዕቃ ማጠብ መጥታ ስለነበር አውራ ጣቷ በአንዲት ወፍ ክንፍ ላይ ታተመ። ማዳም አልጮኸችም። ምሳ ላይ፣ እንግዶች በተቀመጡበት፣ መጽሐፉን አምጥታ ያንን ገጽ ከፈተችና በመሐረብ ቀስ ብላ ጠረገችው። ስርጉት ሰሃን ይዛ ቆማ ነበር። እንግዶቹ ፈገግ አሉ። ጥፊ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ትረሳው ነበር።

በዚያ ቤት ፈረንሳይኛ ማንበብ ተማረች። ባለቤቶቹ አገራቸው ሲመለሱ የመሐንዲሱን ቢሮ አሮጌ ፎቶኮፒ ማሽን ጥለውላት ሄዱ፤ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ጠባብ ክፍል ተከራይታ በእሱ ጀመረች። ከጊዜ በኋላ መብሻ ገዛች፣ የፕላስቲክ ማልበሻ ገዛች። እና አንድ ባለ መስታወት ቁም ሣጥን፣ ከነቁልፉ።

ጀላሉዲን የተወላትን ጥራዝ ያስቀመጠችው እዚያ ነው። በመካከለኛው መደርደሪያ፣ ሽፋኑ ወደ ውጭ፣ ከአቧራ የራቀ። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው።

ጓደኛዋ አበዛሽ በዚያው ሳምንት ከድሬዳዋ ተመለሰች። ወንድሟ ሞቶባት ለቅሶ ላይ ሁለት ወር ቆይታ ነበር። አበዛሽ ረዘም፣ ቀጠን ያለች፣ ከስርጉት ጥቂት ዓመት የምትበልጥ ሴት ናት፤ አሮጌው ማቆሚያ ላይ የላስቲክ ዳስ አላት፤ ሾፌር ያበላል የሚባለው የእሷ ፍርፍር ነው። ከሥራ መልስ ለስርጉት ምሳዋን በተሸፈነ ሳህን ይዛላት ትመጣለች፤ ይህን ስታደርግ ዓመታት አልፈዋል። ሥራ በጀመረች ቀን ሳህኗን ይዛ ስትገባ ሱቁ ውስጥ የጉዞ ወረቀቱን ኮፒ የሚያስደርግ ጉታ የሚባል ሾፌር ቆሟል።

«እንዴ! ይቺ ደግሞ ምን አጥፍታ ነው የታሰረችው?» አለች አበዛሽ መስታወቱን እያየች።

«ሰነድ ናት።»

«ወንጀሏስ?»

ጉታ ሳቀ። «የማቆሚያው ጉዳይ ናት አሉ። ማን እንደሚነሳ፣ ማን ወዴት እንደሚሄድ ሁሉ እሷ ውስጥ ነው ያለው።»

«እኔም አለሁባት?»

«አንቺ ከሌለሽባት ምኑን ማቆሚያ ሆነ? እዚህ ድረስ የምንነዳው ለወደቡ መሰለሽ?»

«ኧረ ዞር በል፣ ሆዳም!» አበዛሽ እየሳቀች ሳህኑን አስቀመጠችና ወደ ቁም ሣጥኑ ተጠጋች። «እስኪ ስርጉትዬ፣ ክፈቻትና ስሜን ልፈልግ። አማርኛ አላት አይደል?»

ስርጉት የአበዛሽን እጅ አየች። ጣቶቿ ዘይት ነክቷቸው ያብረቀርቃሉ፤ ጥፍሯ ሥር በርበሬ ገብቷል። ከአፏ የወጣውን ከየት እንዳመጣችው ያወቀችው በኋላ ነው።

«በዚህ እጅሽ? የጓዳ ዕቃ መሰለችሽ እንዴ? የትልቅ መሥሪያ ቤት ሰነድ እኮ ናት! አበላሽተሽብኝ ምን ልላቸው ነው?»

ጉታ ጉሮሮውን ጠረገና የራሱን ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ። አበዛሽ እጆቿን የሌላ ሰው እጅ እንደሚያዩ አየቻቸው፤ ከዚያ ነጠላዋ ሥር ከተተቻቸው።

«እውነትሽን ነው፤ ታጥቤ እመጣለሁ» አለች።

መጣችም። በማግስቱ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ኦሞ ኦሞ እየሸተተች። ሱቁ ፈተና የደረሰባቸው ተማሪዎች ማስታወሻ ሊያባዙ ገብተው ጢም ብሏል። አበዛሽ በሩ ላይ ቆማ፣ ከተማሪዎቹ ራስ በላይ ሁለት እጇን ከፍ አድርጋ መዳፏንም ጀርባውንም አሳየቻት። ስርጉት አይታታለች። «ነገ፣ አበዝ! እያየሽኝ!» አለቻት። አበዛሽ እጇን አወረደች። በሦስተኛው ቀን ሳህኑን አድርሳ ስትወጣ ወደ ቁም ሣጥኑ አልተመለከተችም፤ ከዚያም ወዲያ ነገሩን አላነሳችም። ሌሎችም አንድ ሁለት ሴቶች በመስታወቱ አይተው አልፈዋል። የተቆለፈ ነገር ክፈቱልኝ የሚል ሰው ብዙ አይደለም።

ወሩ ሲያልቅ ጀላሉዲን መጣ። ጥራዙን ተቀብሎ አገላበጠው።

«ማሻአላህ! እንዳዲስ ነው እኮ።»

«ጭረት የለበትም» አለች ስርጉት።

«አስተያየት የሰጠ አለ? ስሜ ተዘሏል ያለ?»

«የለም።»

የለም ማለቷ ውሸት አልነበረም። ጀላሉዲን ወደ ሌላ ሥራ የሚቸኩል ሰው ነው፤ ደስ የሚል መልስ ሲያገኝ ሁለተኛ አይጠይቅም።

መስከረም ላይ፣ ሙቀቱ መለስ ሲል፣ ሴቶቹ የሚዛወሩበት ቀን ደረሰ። ስርጉት ሱቋን ዘግታ የአበዛሽን ድስት ልታሸክም ማቆሚያው ሄደች። አበዛሽ ዳሷን አፍርሳ፣ ድስቶቿን አጥባ በማዳበሪያ ቋጥራ፣ ቆማ ትጠብቃለች። ጀላሉዲን ከማዘጋጃ ቤቱ ሰው ጎን ሆኖ ስም ይጠራል። የተጠራች ሴት ቁጥር ያለበት ካርድ ትቀበልና ወደ ተዘጋጀው መኪና ትወጣለች። ቦንቱ ተጠራች። ሱሪያ ተጠራች። ጥሪው አለቀ፤ ጀላሉዲን ወረቀቱን አጠፈ።

«ሙሴ፣ እኔን ዘለልከኝ» አለች አበዛሽ፣ እየሳቀች።

ወረቀቱን ዘርግቶ ፈለገ። «እትዬ አበዛሽ፣ ቆጠራ ስናካሂድ አልነበሩም እኮ።»

«ለቅሶ ላይ ነበርኩ። እዚህ ስምንት ዓመት ስሠራ የማያውቀኝ አለ? ጠይቅ እስኪ!»

«እኔም አውቅዎታለሁ። ግን የተዘለለ ሰው ስሙን እንዲያስገባ ነው ሰነዱ አንድ ወር ሙሉ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ስርጉት ሱቅ የተቀመጠው። አሁን ጸድቋል።» ዞር አለ። «አልነበረም እንዴ፣ ስርጉት? ክፍት አልነበረም?»

የማዘጋጃ ቤቱ ሰው አያት። ከመኪናው ላይ ያሉት ሴቶች አዩዋት። አበዛሽም አየቻት። አንድ ቃል ነበር የሚፈለግባት፤ «አልነበረም፣ ቆልፌበት ነበር» ብትል እዚያው ምስክር ይሆን ነበር። ስርጉት ግን ያየችው በማዳም ቤት ሰሃን ይዛ የቆመችውን ራሷን ነው።

«ነበር» አለች።

አበዛሽ ዓይኗን ከስርጉት ላይ አነሳች። ከዚያ ለጀላሉዲን፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «አዎ፣ እኔ ነኝ የተዘናጋሁት። ማንበብ ላይ ሰነፍ ነኝ» አለች። ድስቶቿን ተሸክማ በእግሯ ሄደች። ስርጉት ማዳበሪያውን ባንድ ጎን ልትይዝላት እጇን ዘረጋች፤ አበዛሽ «ተይው፣ ቀላል ነው» አለቻት። እንደዋሸች የሚያውቅ ሰው ሸፍኖላት ሄደ። ከዚህ የባሰ የለም።

በማግስቱ ስርጉት አበዛሽ ቤት ሄደች። አበዛሽ ሻይ አፈላችላት፣ ስለ ጉታ ሆድ ቀለደች። ስርጉት ያንን ነገር ለማንሳት አፏን በከፈተች ቁጥር ስለ ሙቀቱ አወራች። ሳትናገር ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲያ ሳህኑም አልመጣ፣ እሷም ደግማ አልሄደችም።

ሱቁ በሚዘጋበት በቀትሩ ሰዓት፣ ከተማው ለጫትና ለእንቅልፍ ጸጥ ሲል፣ ኮምፒውተሯን ከፍታ የአበዳሪውን ድረ ገጽ ፈለገች። መስመሩ ቀርፋፋ ነው፤ ሰነዱ እየተጎተተ ወረደ። እሷ የጠረዘችው ረቂቅ ነው፣ ሲጸድቅ ጥቂት ተጨምሮበት፤ ገጾቹን በቁጥራቸው ታውቃቸዋለች። አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉን አነበበች። ስለ ሕዝብ ተሳትፎ በሚያወራው ክፍል ውስጥ የሱቋ ስም አለ። «ረቂቁ በዚህ ሱቅ ለአንድ ወር ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ቆይቷል፤ ምንም አስተያየት አልቀረበም» ይላል። ይህን ከየትም አገር የሚከፍት ሰው ያነበዋል፤ ጥሩ ሥራ ተሠርቷል ብሎም ያምናል። በሩ ሲንኳኳ ማያ ገጹን በሁለት እጇ ሸፈነችው። አንድ ተማሪ ነበር፤ እስክሪብቶ ፈልጎ።

ጀላሉዲን ቢሮ ሄደች። ቆማ ተናገረች።

«ይታረምልኝ።»

«ምኑ?»

«ክፍት ነበር የሚለው። ቆልፌበት ነበር። አበዛሽ ጠይቃኝ ከልክያታለሁ። ሁለት ጊዜ።»

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ተነስቶ በሩን ዘጋ። «እህቴ፣ ሰው ሁሉ በሰማበት ‘ነበር’ ብለሻል እኮ!»

«ዋሽቼ ነው፣ ሙሴ።»

«እኔስ? አስቀመጥኩ ብዬ ፈርሜያለሁ። አንድ ቀን እንኳ መጥቼ አላየሁም። ይህ ከወጣ እኔም አለቅሁ፤ አንቺም ከዚህ ቢሮ ሌላ ሥራ አታገኚም።»

«ያውቃሉ፣ እርስዎ የመረጡኝ ስለምጠነቀቅ ነበር» አለች፤ ሌላ የምትለው ጠፍቷት።

ጀላሉዲን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብዕር አገላበጠ። ክፉ ሰው አይደለም። ፊቷን ሳያይ፣ «የመጨረሻውን ገጽ ተመልከቺ። አቤቱታ የሚቀበል ክፍል አላቸው፤ አድራሻው እዚያ አለ። እኔ አልነገርኩሽም» አለ።

ጻፈች። በማዳም ቤት ፈረንሳይኛ፣ አጭር አድርጋ፤ ምን እንደተባለች፣ ምን እንዳደረገች፣ ማን እንደተጎዳ። ከሳምንታት በኋላ መልስ መጣ። አቤቱታዎ ተመዝግቧል ይላል፤ በአሠራራችን መሠረት አቤቱታውና ምላሹ በድረ ገጻችን ይወጣሉ፤ ስምዎ እንዲደበቅ ከፈለጉ መብትዎ ነው፣ ያሳውቁን።

እዚህ ላይ ሁለት ቀን ቆየች። ካርቲየ 3 ውስጥ የሚኖር ሰው ስሙን ይጠብቃል፤ ሌላ ብዙ ነገር የለውማ። ደግሞም ደንበኞቿ ወረቀታቸውን አምነው የሚሰጧት ሰዎች ናቸው፤ የልደት ካርድ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የጋብቻ ውል። ስሟን ብትደብቅ ማንም አይወቅሳትም ነበር። ግን የሱቁ ስም «ክፍት ነበር» በሚለው ላይ በትልቁ ታትሞ፣ «ቆልፌ ነበር» በሚለው ላይ አንዲት ስሟ ያልተገለጸ ሴት ብትቆም፣ ያ ለእሷ እንደገና «ነበር» ብሎ መዋሸት ሆነባት። «አይደበቅ» ብላ ጻፈች። ልካ ስትጨርስ ኮምፒውተሩን ዘግታ የሱቁን በር ከፈተች።

ነገሩ ወጣ። ሾፌሮች በስልካቸው እየከፈቱ ተቀባበሉት። አንዱ ሱቋ ገብቶ «እመቤት፣ የኔን መንጃ ፈቃድም ትቆልፊበታለሽ?» አላት፤ የቆሙት ሳቁ፤ እሷም ኮፒውን አድርጋ ሰጠችው። የጀላሉዲን ቢሮ ሥራውን ወደ ሌላ ጠራዥ ወሰደ። ጀላሉዲን ራሱ ሥራ አልለቀቀም፤ መንገድ ላይ ሲያገኛት ግን በፈረንሳይኛ ነው ሰላም የሚላት።

ጥር ላይ አበዳሪው ተጨማሪ ሰነድ አወጣ። በቆጠራው የተዘለሉ ሰዎች ካሉ በምስክር እንዲመዘገቡ፤ ለአበዛሽ ደግሞ በስሟ አንድ መሸጫ ቦታ እንዲያዝ ይላል፤ እስከ ረመዳን መግቢያ ካልቀረበች ለሌላ ይሰጣል። ስርጉት ገጹን አትማ፣ ሱቁን እንኳ በወጉ ሳትዘጋ ሮጠች። የአበዛሽ ክፍል ውስጥ ሌላ ቤተሰብ ገብቷል። ሄዳለች አሏት፤ ገና በታኅሣሥ።

ጉታ እስኪመጣ ጠበቀችው።

«እኔ ነኝ ያደረስኳት» አለ። «ሎጊያ ወረደች። መንገድ ዳር ቦታ አያለሁ ብላ። በመመለሻዬ ስጠይቅ የለችም፤ ወደ ሚሌ ነው ያሉኝ፤ ሚሌ ደግሞ አይተናት አናውቅም አሉ። ስልኳም አይነሳም።»

«ስለ እኔ ያለችው ነገር አለ?»

ጉታ ራሱን ነቀነቀ። «ምንም። ስለ አንቺ ምንም አላለችም፤ መንገዱን ሙሉ።»

አሁን በየቀኑ ለሚገባ ሾፌር ሁሉ ስርጉት ያንኑ ትጠይቃለች። ግማሾቹ ታሪኩን ስለሚያውቁ በአዘኔታ ያዩዋታል፤ ሌሎቹ በሌላ ዓይን ያዩዋታል፤ ሁለቱንም ችላ መጠየቋን አልተወችም። ይህ ታሪክ በስሟ እንዲጻፍ ስትፈቅድም ያለችው ይህንኑ ነው፤

«ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ በተለይ ከጋላፊ እስከ አዋሽ የምትመላለሱ፤ ረዘም ቀጠን ያለች፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ የምትሸፍን፣ ለሾፌር ምግብ የምትሸጥ አበዛሽ የምትባል ሴት ካጋጠመቻችሁ፣ አዲሱ ማቆሚያ ላይ ቦታ በስምሽ ተይዞልሻል በሏት፤ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ትምጣ። ወደ እኔ መምጣት የለባትም፤ ቀጥታ ማዘጋጃ ቤት ትሂድ፤ ምስክሮቹን አዘጋጅቻለሁ፤ እዚያ እኔን አታገኘኝም። ይቅርታ አድርጊላት ብላችሁ ግን አትለምኑልኝ። እሱን አደራ። የቦታውን ብቻ ንገሩልኝ።»